ከመስፈር ወደ መመዘን፦ ቁና፣ ጣሳና ኪሎ በላስታ ጓዳ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በላሊበላ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)

 በማስታወቂያው ላይ ቤት ውስጥ የምትጠቀሙበትን መስፈሪያ ይዛችሁ እንድትመጡ ጠይቄ ነበር። ከዚህ ሆኜ ስመለከት ጣሳም፣ ኩባያም፣ በአክርማ የተሰፋ ቁናም አያለሁ። እነዚህ ዕቃዎች የዛሬው ትምህርት መጽሐፎች ስለሆኑ ከጎናችሁ አኑሯቸው።

የምናገርበትን ጉዳይ አማርኛችን አስቀድሞ ለይቶ አስቀምጦታል። ጨርቅ ይለካል፤ እህል ይሰፈራል፤ ወርቅ ይመዘናል። አንዱን ቃል በሌላው ቦታ ብናስገባ ጆሮ ይቆረቁረዋል። መስፈር ማለት አንድ ዕቃ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ መጠየቅ ነው። መመዘን ግን ምን ያህል እንደሚከብድ መጠየቅ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙበት ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ግን ለእያንዳንዱ እህል፣ ለእያንዳንዱ ዱቄት፣ አንዳንዴም ለእያንዳንዱ እጅ የተለያየ ነው። የእኔ ሙያ የምግብ ሳይንስ ነውና በዚህ ድልድይ ላይ ብዙ ጊዜዬን አሳልፌአለሁ።

በአገራችን ሚዛን ቀደም ብሎ የታወቀው ሩቅ ለሚጓዝና ውድ ለሆነ ሸቀጥ ነበር። ወርቅ በወቄት፣ ቅቤና መሰል ነገሮች በነጥር፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ በፈረሱላ ይመዘኑ ነበር። ወቄት ከማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር ተያይዞ ይታሰብ ስለነበር 28 ግራም ያህል ነው፤ ነጋዴው የኪሱን ብር ራሱን የሚዛን ድንጋይ አድርጎ ይጠቀምበት ነበር ማለት ነው። እህል ግን ከተመረተበት ብዙም ስለማይርቅ፣ ገዥና ሻጭም ስለሚተዋወቁ፣ በቁና፣ በእንቅብ፣ በላዳን፣ በዳውላ እየተሰፈረ ኖረ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1969 እና በ1970 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አገራችን መለኪያዎች ታሪክ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። ያንን ያነበበ ሰው የመለኪያው ስም አንድ ሆኖ ሳለ ልኩ ከአውራጃ አውራጃ ምን ያህል ይለያይ እንደነበር ይረዳል። በ1963 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ ቁጥር 208 አገሪቱ በሜትር፣ በሊትርና በኪሎግራም እንድትሠራ ደነገገ። አዋጁ መዝገብ ቤቱንና የከተማውን ሱቅ ለወጠ። ጓዳውን ግን አልነካውም፤ የቅዳሜ ገበያችንንም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለወጠውም።

ታዲያ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ «አንድ ቁና ስንት ኪሎ ነው?» የሚል ነው። መልሴ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ስለሚሆን ጠያቂዎቼ ቅር ይላቸዋል። የምን ቁና? ምን ተሰፍሮበት? ተጠርጎ ወይስ ተቆልሎ? የሰፈረውስ ሻጭ ነው ወይስ ገዥ?

ለስሌት ያህል በአፉ ልክ ሲጠረግ 7 ሊትር የሚይዝ ቁና እንውሰድ። ጥሩ የደረቀ ስንዴ በሊትር 780 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ ቁናው 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ይይዛል። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነና ተቀራርቦ ስለሚተኛ በሊትር 850 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ ያው ቁና 6 ኪሎ ሊጠጋ ነው። ከነገለባው ያለ ገብስ በሊትር 620 ግራም ያህል ቢመዝን፣ ቁናው 4 ኪሎ ከ340 ግራም ብቻ ይዟል። አንድ ቁና፣ ሦስት እህል፣ ሦስት ክብደት። የላስታ ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ ገብሱን ሸጦ ስንዴ ሲገዛ «ቁና በቁና» ብሎ ዋጋ ቢያነጻጽር፣ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚሆን ልዩነት ሳያየው ያልፋል።

ስለ መጥረግና ስለ መቆለል ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም ብዙ እህል የሚፈስበት ቀዳዳ ነው። እህል ሲቆለል የሚሠራው ሾጣጣ ቅርጽ አለው። ቁልቁለቱ የሚወሰነው በእህሉ ጠባይ እንጂ በሰፋሪው ፍላጎት አይደለም፤ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ከወጣ ይንሸራተታል። ማዕዘኑን 30 ዲግሪ እንበለው። አሁን ሁለት ዕቃ አስቡ። አንደኛው ጠባብና ረጅም ጣሳ ነው፤ የአፉ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር። ሁለተኛው ሰፊና አጭር ቁና ነው፤ የአፉ ስፋት 30፣ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር። በጣሳው ላይ የሚቆለለው እህል ጣሳው ከሚይዘው ላይ 8 በመቶ ብቻ ይጨምራል። በቁናው ላይ የሚቆለለው ግን 29 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰፊ አፍ ያለው መስፈሪያ ለሰፋሪው ቸርነትም ስስትም ሰፊ ቦታ ይተውለታል። «ቆልለህ ስፈርልኝ» የሚል ገዥና «በአፉ ልክ ነው የምሸጠው» የሚል ሻጭ የሚከራከሩት ከአራት እጅ አንድ በላይ ስለሚሆን እህል ነው፤ ክርክራቸው የንፉግ ክርክር አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ስለ መልካም መስፈሪያ የተነገረውን ታውቁታላችሁ፤ በዚያ የተጫነ፣ የተነቀነቀ፣ የተትረፈረፈ መስፈሪያ ተነሥቷል። የቃሉን መንፈሳዊ ትርጓሜ ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔን በሙያዬ የሚያስገርመኝ ግን ሦስቱም ነገሮች ዛሬ በቤተ ሙከራ የምንለካቸው መሆናቸው ነው። መጫን በፍሬዎቹ መካከል ያለውን አየር ያስወጣል፤ መነቅነቅ ፍሬዎቹ ክፍተት ፈልገው እንዲገቡ ያደርጋል፤ መትረፍረፍ አሁን ያሰላነው ቁልል ነው። የገበያ ሰው ይህን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሚገባ ያውቀው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ዝናብ በአበባው ወይም በፍሬው ጊዜ ሲያጥር ስንዴው ቀጭጮ ይወጣል። ፍሬው ይጨማደዳል፣ ከዱቄቱ ይልቅ ገለባው ይበዛል። የእህል ነጋዴዎች ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አላቸው፤ መቶ ሊትር ስንዴ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይለካሉ። ከ76 እስከ 80 ኪሎ ከሆነ ጥሩ ስንዴ ነው ይላሉ። ወደ 65 ከወረደ ዋጋውን ይቀንሳሉ። ይህን ወደ ቁናችን እንመልሰው። ያው 7 ሊትር የሚይዝ ቁና በደህና ዓመት 5 ኪሎ ከ460 ግራም ይዞ ነበር፤ በቀጨጨው ስንዴ 4 ኪሎ ከ550 ግራም ይሆናል። አንዲት እናት «ዘንድሮ እንዳምናው ሃያ ቁና አገኘን» ብትል እውነቷን ነው። በክብደት ግን 18 ኪሎ ያህል ጎድሏል፤ ከጎተራው ያነሰው በዓይን አይታይም፣ በቁና አይታወቅም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ «ምን በላው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ድርቅን ደጋግሞ በሚያውቅ አገር ይህ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም። የሰብል ግምገማ የሚሠሩ ባለሙያዎች ገበሬውን በቁና ጠይቀው በኪሎ ሲመዘግቡ፣ በየዓመቱ ያንኑ አንድ ማባዣ ቁጥር ቢጠቀሙ የምርቱን አንድ ስድስተኛ የሚያህለውን ጉዳት ገና ከወረቀቱ ላይ ሰርዘውታል ማለት ነው።

ሚዛንም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። በ12 በመቶ እርጥበት የተከማቸ መቶ ኪሎ እህል ውስጥ 88 ኪሎ ደረቅ ነገር አለ። ገና ከአውድማ የገባ፣ 16 በመቶ እርጥበት ያለው መቶ ኪሎ ውስጥ ግን 84 ብቻ ነው። በክረምት የደረቀ እህል ተበድሮ በኅዳር እርጥቡን የሚከፍል ሰው፣ በኪሎ እኩል ቢመልስም አራት ኪሎ ውኃ ከፍሏል። ሽማግሌዎቻችን እህልን በጥርሳቸው ሰብረው የሚቀበሉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወፍጮ ቤት እንግባ፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው እዚያ ነውና።

ሦስት ቁና ስንዴ፣ ማለትም 21 ሊትር፣ 16 ኪሎ ከ380 ግራም ይመዝናል። ሲፈጭ እያንዳንዱ ፍሬ ተሰብሮ በመካከሉ አየር ይገባል፤ ከወፍጮው አፍ እንደወረደ ልል ሆኖ ያለ ዱቄት በሊትር 500 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ዱቄቱ 33 ሊትር ሊጠጋ ነው፤ ከረጢቱ ሞልቶ ይነፋል። ይህ ከረጢት በአህያ ተጭኖ ሁለት ሰዓት የላስታን ዳገትና ቁልቁለት ሲጓዝ ዱቄቱ እየተነቀነቀ ይቀመጣል። ቤት ሲደርስ በሊትር 600 ግራም ሆኗል እንበል፤ መጠኑ ወደ 27 ሊትር ወርዷል። ከረጢቱ ከአፉ በታች ላልቷል። ከስድስት እጅ አንዱ የት ገባ? ወፍጮ ቤቱ ሰረቀ? አህያ የነዳው ልጅ ሸጠው? በአንድ የገጠር ቀበሌ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ፣ እህቴ የምላት አንዲት ባለትዳር ልጇን ገርፋ ኋላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ዱቄቱ በሚዛን ሲታይ ከስንዴው የጎደለው ከግማሽ ኪሎ በታች ነበር፤ እሱም በወፍጮው ውስጥ የሚቀረውና በሙቀት የሚተነው ነው። ልብ በሉ፤ ያው መላላትና መጠቅጠቅ እውነተኛ ሌባንም ሊሸሽግ ይችላል። ሁለት ኪሎ የተሰረቀበት ዱቄት ትኩስ ሆኖ ሲታይ ሙሉ ከረጢት ይመስላልና። ስለዚህ ወፍጮ ቤት የሚገባውም የሚወጣውም በሚዛን ቢሆን ለባለወፍጮውም ለባለእህሉም ስም ይበጃል።

ስለ ዳቦ የምናገረው ከዚሁ የዱቄት ጠባይ የሚነሣ ነው። ከተማችን የእንግዳ ከተማ ናት። ለገና በዓል ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመንም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚመጣው ጎብኚም ዳቦ ይፈልጋል። ይህ ገቢ የሚገባው በአብዛኛው በቤታቸው ወይም በትንሽ ዳቦ ቤት በሚጋግሩ ሴቶች እጅ ነው። ሆቴሎች የሚሰጧቸው የአሠራር ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ መጽሐፍ የተገለበጠ ስለሆነ በኩባያ ይናገራል። የአሜሪካው ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የታወቀ መለኪያ ነው፤ የእኛ «ኩባያ» ግን ገበያ ላይ የተገኘው ሁሉ ነው፤ ስኒ ከሆነማ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። አሜሪካኖችም ቢሆኑ ችግሩን ያውቁታል። ፋኒ ፋርመር የተባለች የቦስተን የምግብ ዝግጅት መምህርት በ1896 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው መጽሐፍ ኩባያና ማንኪያ በአፋቸው ልክ እንዲጠረጉ አጥብቃ አስተማረች። መጥረግ ቁልሉን አስወገደ፤ መጠቅጠቁን ግን አላስወገደም።

ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። ወረቀቱ ሦስት ኩባያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ውኃ ይላል እንበል። ዱቄቱን በማንኪያ እያነሣች በቀስታ የምትሞላ ጋጋሪ በኩባያ 120 ግራም ታገኛለች፤ ሦስቱ 360 ግራም ናቸው። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክራ የምታወጣዋ 150 ግራም ታገኛለች፤ ሦስቱ 450 ግራም ናቸው። ውኃው በሁለቱም ዘንድ 237 ግራም ነው። የመጀመሪያዋ ሊጥ ከዱቄቱ 66 በመቶ ውኃ አለው፤ ለስላሳና ተለጣጭ ነው። የሁለተኛዋ 53 በመቶ ብቻ ነው፤ ደረቅና እምቢተኛ ሊጥ ነው። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ሴቶች ታዘዋል፤ ዳቦው ግን ሁለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። እናቶቻችን ያለ ሚዛንም ያለ ኩባያም እንከን የሌለው እንጀራና ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ኖረዋል። ይህ የሆነው ስለማይለኩ አይደለም፤ እጃቸው ሊጡን ራሱን ስለሚለካ ነው። ውኃ ያነሰው ሊጥ ለጣታቸው ይነግራቸዋል፤ ይጨምሩለታል። ያ ዕውቀት ከሚዛን አያንስም፤ እንዲያውም ዱቄቱ ከዓመት ዓመት የሚያሳየውን ለውጥ አብሮ ያርማል። ችግሩ እጅ አይላክም፣ በስልክ አይነገርም፣ በውል ላይ አይጻፍም። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ እስክትለምድ ድረስ የሚበላሸው ዱቄት የአሠሪዋ ኪሳራ ነው።

የላሊበላ ከፍታም ያግዛል ወይም ይጎዳል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እርሾ በሊጥ ውስጥ የሚያወጣው ያው መጠን ጋዝ ደግሞ እዚህ ከሲሶ በላይ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። ሊጡ ፈጥኖ ይነሣል፤ ካልተጠነቀቁለትም ተነሥቶ ይወድቃል። በቆላ የተጻፈ የእርሾ መጠን እዚህ ሲመጣ መቀነስ አለበት፤ ነገር ግን መነሻው ያልታወቀ ነገር ስንት እንደሚቀነስ እንዴት ይታወቃል? በማንኪያ ሲሰፈር ደረቅ እርሾ እንደ ፍሬው መድቀቅና መሻከር ክብደቱ ይለያያል።

ዳቦ ጋጋሪዎች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት ስሌት ለዚህ ይረዳል። ዱቄቱ ምንም ያህል ይሁን መቶ ይባላል፤ የቀረው ሁሉ ከእርሱ አንጻር ይነገራል። ዱቄት 100፣ ውኃ 65፣ ጨው 2፣ ደረቅ እርሾ 1 እንበል፤ ድምሩ 168 ነው። ሆቴሉ እያንዳንዱ 100 ግራም ሊጥ ያለው 60 ዳቦ አዘዘ፤ ሊጡ 6,000 ግራም ነው። 6,000ን ለ168 ስናካፍል 35.7 ይመጣል። እንግዲህ ዱቄት 3,570 ግራም፣ ውኃ 2,320፣ ጨው 71፣ እርሾ 36 ግራም። ይህንኑ ዱቄት በኩባያ ብንሰፍረው በልል እጅ 30 ኩባያ፣ በጥቅጥቅ እጅ 24 ኩባያ ይሆናል። የስድስት ኩባያ ልዩነት በየቀኑ ሲደጋገም ጋጋሪዋ «እየሸጥሁ ለምን አይተርፈኝም?» የምትልበትን ምክንያት በከፊል ያስረዳል።

ከስንዴ ዱቄት ውጭ ላሉት ነገሮች በፍጥነት ልለፍ፤ እነሱ እምብዛም አያስቸግሩምና። በሊትር ስኳር 850 ግራም ያህል፣ ዘይት 920፣ ለጋ ቅቤ 910፣ ወተት 1,030 ግራም ገደማ ነው። ማር ግን ከባድ ነው፤ አንድ ሊትር 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል። የላስታ ማር የታወቀ ስለሆነ ሻጮች ይህን ልብ በሉ፤ የአንድ ሊትር ዕቃ ሙሉ ማርን «አንድ ኪሎ» ብሎ የሚገዛችሁ ሰው 400 ግራም በነጻ ወስዷል።

መስፈር ሁልጊዜ ያሳስታል እያልሁ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታሰብ ነበር። አምስት ነፍስ ያለው ቤት 75 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህም አንድ ሙሉ የ50 ኪሎ ከረጢትና የሌላው ግማሽ ነው። ግማሹን ሁለት ቤተሰቦች መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግተው በጣሳ ይካፈሉታል፤ አንድ ላንተ፣ አንድ ለኔ። ይህ ፍጹም ትክክለኛ አሠራር ነው። እህሉ አንድ፣ ጣሳው አንድ፣ ሰፋሪውም አንድ ስለሆነ የጣሳው ልክ ስንት መሆኑ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ከከረጢቱ ሥር የሚገኘው አፈርና ድቃቂም እየተፈራረቀ ለሁለቱም ይደርሳል። መስፈሪያ የሚያሳስተን ከአንዱ እህል ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ወር ወደ ሌላው ስንሻገር ነው።

ሚዛን የሌላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ውኃ አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ በጓዳ ውስጥ ለሚያስፈልገን ሥራ ልዩነቱ አይቆጠርም። ቀጥ ያለ በትር በመካከሉ በገመድ አንጠልጥሉ፤ ሚዛኑን እስኪጠብቅ ገመዱን አስተካክሉ። በአንዱ ጫፍ አንድ ሊትር ውኃ የያዘ የሃይላንድ ጠርሙስ እሰሩ። በሌላው ጫፍ ዱቄቱ የሚገባበትን ፌስታልና ያንኑ የመሰለ ባዶ ጠርሙስ እሰሩ፤ የጠርሙሱ ክብደት እንዲቻቻል ነው። ሁለቱ ክንዶች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ዕቃዎቹን አቀያይራችሁ ሞክሩ፤ ያኔም ካልተዛባ ሚዛናችሁ ታማኝ ነው። በትሩ ሲስተካከል በፌስታሉ ውስጥ አንድ ኪሎ ዱቄት አለ። ከዚያ የራሳችሁን ጣሳ አውጥታችሁ፣ በየቀኑ በምትሰፍሩበት እጅ፣ ኪሎው ስንት ጣሳ እንደሚሆን ቁጠሩና በጣሳው ጎን ላይ ጻፉ። ለስንዴ ዱቄት፣ ለጤፍ ዱቄት፣ ለገብስ ዱቄት ለየብቻ ይሁን። አዲስ እህል ሲገባ ደግሞ ድገሙት።

በነገራችን ላይ ይህ የበትር ሚዛን ከምንሸምተው የሞላ ሚዛን በአንድ ነገር ይበልጣል። የሞላ ሚዛን የመሬትን ስበት ነው የሚለካው፤ ስበቱ ደግሞ በከፍታና ወደ ምድር ወገብ በመቅረብ ይቀንሳል። በአውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ የሞላ ሚዛን እዚህ ተራራ ላይ በየኪሎው ሦስት ግራም ተኩል ያህል አሳንሶ ያነባል። ለዳቦ ምንም አይደለም፤ ለወርቅ አንጥረኛ ግን ያስቆጣል። በትሩ ግን ክብደትን ከክብደት ስለሚያነጻጽር የትም ቢሄድ ያው ነው።

በውጭው አዳራሽ ሁለት ሚዛኖች፣ ስንዴ፣ ገብስና ዱቄት ተዘጋጅተዋል። ቁና ያመጣችሁ በቀኙ፣ ጣሳና ኩባያ ያመጣችሁ በግራው በኩል ተሰለፉ። ተማሪዎቻችን እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ይመዝኑታል፤ አንዴ እናንተ ስትሰፍሩ፣ አንዴ ደግሞ ከኋላችሁ የቆመው ሰው ሲሰፍር።